ክፍት የሥራ ቦታ

ማስታወቂያውን ዛሬም ለጠፍኩት በእጄ፣
ሦስተኛው ነው ይኼ፣ ቁጠርልኝ ወዳጄ።
«የቤተሰብ ችሎት ሰብሳቢ ዳኛ» ይላል፣
«ልምድ አሥራ አምስት ዓመት»፤ ማኅተሙ ተንሻፏል።
የድሬ ፀሐይ ግን ማኅተም አትፈራ፣
ያለፉትን ሁለት አነጣች በተራ።

ማን ይምጣ?
ሰው ነፍስ ለገደለ መፍረድ ይሻለዋል፣
የጉምሩክ፣ የመሬት፣ የቼክ ክስ ይቀለዋል፤
እኛ ጋ ሚካፈል ፍሪጅ ነው፣ አልጋ፣
የሦስት ዓመት ልጅ፣ ሌሊቱ ከማን ጋ።

እኔ መዝገብ ቤት ነኝ፣ ሃያ ሁለት ዓመት፤
አቧራና ብል ነው፣ ሌላ የለኝም ሀብት።
ሰርግ ከተጠራሁ ቆየሁ፤ የማውቀው
የሰርግ ፎቶ ነው፣
በማስረጃ ዝርዝር «አባሪ ሦስት» የሚባለው።

ፕሬዚዳንቱ ጠሩኝ፤ «ዘርጋው፣ አንተ ሂድ፤
ወረቀት አቅቶታል፣ ሰው ሄዶ ይማልድ።»
እንግዲህ ሳቅብኝ! ፍቺ የሚፈርድ ቤት
ሽማግሌ ሰደደ፣ ሊያጭ አንዲት ሴት።

ባጃጁ በቀትር ለገሃርን ዞሮ
ከዚራ ኒሙ ሥር ጣለኝ፣ ወገቤን ሰብሮ።
ዳኛ ፈትሒያ ከበረንዳው ጫፍ
በጎማ ያጠጣሉ የነደደ ደጃፍ።
ደብዳቤውን አንብበው፣ አጥፈው በአራት፣
«ንግድ ችሎት» አሉኝ፣ «አሥራ አንድ ዓመት
የከረምኩት ለምን ይመስልሃል? ቁጥር
አልቅሶ አያውቅም።»

ዝም። ውሃው ብቻ።
ከዚያ እንደ ክስ ማመልከቻ
ያለ ቅጽል ነገሩኝ፦
ገና ጀማሪ ሳሉ፣
ልጅ ቀረበ፣ የስምንት ዓመት፣
አገጩ ከጠረጴዛው ጠርዝ የማያልፍ።
እናት በግራ፣ አባት በቀኝ፣ ሁለቱም ጥርሳቸውን ነክሰው።
«ከማን ጋር መኖር ትፈልጋለህ?» አሉት፣
ጠይቁ ስለተባለ።
ልጁ ግራ አላየም። ቀኝ አላየም።
«ካንቺ ጋር» አላቸው።

መዝገቡን ለከሰዓት ቀጠሩት።
በማግሥቱ ዝውውር ጠየቁ።

አማላጅ ነኝና አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ፤
ባጃጅ ውስጥ ያጠናሁት ጠፋብኝ።
«ክብርት ዳኛ» አልኩ፣ «ቃሉ አንድ ነው፤
ቋጠሮም ይፈታል፣ እስረኛም፣ ሕልምም፣ ሚስትም፤
ፍትሕም ከዚያው ግንድ ነው።
እኛ ቤት ግን ተፈትቶ የሚሄድ እንጂ
የተፈታለት የለም።»

ሳቁ፣ ትንሽ።
«ይኼን ፕሬዚዳንቱ ናቸው ያስጠኑህ?»
«አቧራው ነው።»

ጎማውን ወደ ሌላው ችግኝ አዞሩ።
«ችሎቱ ውስጥ» አሉ፣ «ለልጅ የሚሆን ወንበር አለ?»

ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ቆጥሬአለሁ፤
ወንበር አልቆጠርኩም።
ለዳኛ አለ፣ ባለ መደገፊያ። ለጠበቃ አለ።
ለፖሊሱም፣ ጥግ ላይ።
ልጅ ሁሌ ቆሞ ነው፣ ወይ የሰው ጭን ላይ።
«የለም» አልኩ።
«እንግዲያው እሺም እምቢም አላልኩህ። ሂድ፣ ፀሐይ አይምታህ።»

ድልድዩን በእግሬ ተሻገርኩ። ደቻቱ ደርቋል፤
አሸዋው ላይ ፍየል፣ የተሰጣ አንሶላ፣ ኳስ የሚራገጡ።
ቀን ሜዳ ነው፤
አንድ ሌሊት መጥቶ ቤት ይዞ የሚሄድ ማን ይለዋል?

ታይዋን ጀርባ አናጺ ቤት ገባሁ።
ደመወዝ ከወጣ ገና ሦስት ቀን ነው፣ ደፈርኩ።
«ወንበር» አልኩት፣ «እግሩን በስንዝር አሳጥረህ፤
የተቀመጠበት ሰው መሬት እንዲረግጥ።»
«ለማነው? ለልጅህ?»
ልጅ የለኝም።
«ለዳኛዋ» አልኩት።

አየኝ።
እርሳሱን ከጆሮው አወረደ፤
«ቁመቷ ስንት ነው?»