ወራጅ ምት

ቱሉ ዲምቱ ጥግ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ልስን ያልነካው ብሎክ ላይ፣ የሌሊት ጥበቃ
ሃምሳ አለቃ ወርዶፋ፤
ድሮ ከሰልፉ ፊት ከበሮ ያነገቱ፣
ዛሬ በአንድ ባትሪ ጨለማ የሚመቱ።

እኔ የታክሲ ረዳት፣ ቃሊቲ ደርሶ መልስ፤
መዳፌ በር ደብድቦ፣ አብጦ ሲመለስ፣
ማታ ብሎኬት ላይ፣ ከተጣለ ጎማ ፊት
ጉልበቴን ከፍቼ እቀመጣለሁ፣ የተማሪ ጉልበት።
ሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት፣
በጠርሙስ ስባሪ የተፋቀ፣
ጨብጬ፣ እስኪነጣ ጣት።

«አታንቀው» ይሉኛል፣ «ዱላ ዶሮ አይደለም።
አውራ ጣትና ሌባ ጣት ይያዙት፣
የቀሩት ሳይዙ ይዘው ይከተሉ፣
በሩን ገርበብ አድርገህ እንደምትሄደው ሁሉ።
ትከሻህን አውርደው፤ ማን ጆንያ ጫነብህ?
ጎማው መልስ ሲሰጥህ ተቀበል እንጂ!
መልስ የምታስቀረው አንተ ነህ፣
እሱ ሐቀኛ ነው።»

በሰው እጅ ሲያዩት ያምር ያሉት ለካ እውነት ነው፤
ክርኔ ያዛል፣ አንጓዬ ያምጣል፣
ወገቤ ያለ ሥራው ይወዛወዛል።

«ምት አራት ነው» አሉኝ አንድ ማታ።
«ሙሉ፦ ከትከሻ ወርዶ ትከሻ የሚመለስ።
ንክ፦ ከስንዝር የማይርቅ፣ የተኛ ሕፃን እንደ መዳሰስ።
ወጪ፦ ዝቅ ብሎ ነክቶ፣
ለሚመጣው ምት ከፍ ብሎ የሚያደባ።
ወራጅ…»
ሳቄ አመለጠኝ። «ወራጅማ አውቃለሁ፣
ሲጮኹብኝ እውላለሁ!»
እሳቸው አልሳቁም።

«ወራጅ፦ ከላይ መጥቶ፣ መትቶ፣ እዚያው የሚቀር።
ዱላ መነሣት ይወዳል፤
ከባዱ ማስቀረት ነው፣
ትንሿን ጣት ጠበቅ አርጎ፣ ከጎማው ሁለት ጣት ከፍ ብሎ፣
ዝም።»

ከዚያ በቀኝ እጃቸው
ከካቻምና ወዲህ የማይታዘዘውን ግራ እጃቸውን አነሡ፣
እንደ ሰው ዕቃ፣ በጥንቃቄ፣
ጎማው ላይ ለቀቁት።
ጧ።
«ይኸው» አሉ።
ነፋሱ የስካፎልዱን ቆርቆሮ አንኳኳ፤
እኔ የምለው ጠፋኝ።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ
ቀኙን እሳቸው፣ ግራውን እኔ፤ ባንድ ጎማ ሁለት ትከሻ፣
የድሮ ማርሽ እንመታለን፣ ጅብ እስኪመጣ ለቆሻሻ።
እሳቸው ይፈጥናሉ። እኔ እዘገያለሁ።
አንዳንዴ ብቻ እንገጥማለን።

ዛሬ ጠዋት፣ ገላን ኮንዶሚኒየም ጋ፣
ጎመን የያዘች ሴት «ወራጅ አለ!» ስትል
በሩን መታሁት፣ አንዴ፤
እጄ ቆርቆሮው ላይ ቀረ።
ሾፌሩ በመስታወት አየኝ።
«ምን ሆንክ? ሂሳብ ሰብስብ እንጂ!»