ጥያቄ ቁጥር አራት

«አንድ ሰው ብቻውን አንድ አጥር ለማጠር
ስድስት ቀን ይፈጃል፤
ሦስት ሰው ቢሆኑ በስንት ቀን ያልቃል?»
ሁለት ቀን ነው መልሱ። ማን ይህን ይስታል?
ሃያ ስምንት ዓመት በጠመኔ ስጽፈው
እጄ ነበር እንጂ ልቤ አላነበበው።

ከአዌቱ ወንዝ ማዶ፣ ዝናብ በወረደ ቁጥር
ቆርቆሮው ድምፄን በሚቀማኝ ክፍል፣
አራት አራት ልጅ በአንድ ዴስክ ደርድሬ፣
ትከሻ ለትከሻ አጣብቄ አስሬ፣
«ወረቀት ሸፍኑ! ሁሉም ለየራሱ!
ማንም ማንን አይይ!» እላለሁ ደፍሬ።

ማታ መብራት ሄዶ በሻማ ሳርም፣
ራውዳ ተማም፣ ስድስተኛ «ሐ»፣
አንዲት አኃዝ እንኳን አላስቀመጠችም።
እንዲህ ነው ያለችው፦

«የማን አጥር እንደሆነ ጥያቄው አይናገርም።
የአዴ ዙበይዳ ከሆነ፣ ባላቸው ስለሞቱ፣
ሰፈሩ ይወጣል፣ ለምሳ ሳይደርስ ያልቃል።
የአባ ሚልኪ ከሆነ ግን፣
እሳቸው የሰው አጥር ላይ ቆመው ስለማያውቁ፣
ስድስት ቀን ሙሉ ብቻቸውን ይሠራሉ።
በሰባተኛው ቀን አያቴ ‹በቃው› ይላሉ።
ያን ቀን እንሄዳለን።»

ሳቅ ቢጤ ሞከረኝ። ከዚያ ቀዩን አነሳሁ፤
ከዳር እስከ ዳር ኤክስ ጎትቼ ጣልኩበት፣
«ሥራሽን አሳዪ» ብዬም ጻፍኩበት።
ዜሮ ከሁለት።

ሰኔ ሲጋመስ፣ ሌሊት፣ ዝናቡ ሲበረታ፣
የተከራየሁት ቤት የጓሮ ግድግዳ
እንደ ደከመው ሰው ቁጭ አለ በዝግታ።
ማንንም አልጠራሁ። ማንን በስሙ ልጥራ?
ዐሥራ አንድ ዓመት ስኖር እዚሁ ሰፈር ውስጥ
ገብቼ አላውቅም ከማንም ደቦ፣ ከማንም ተራ።

ሲነጋ ግን መጡ፤
አካፋ ያነገበ፣ ጭድ የተሸከመች፣
ወሬውን ብቻ ይዞ ባዶ እጁን የመጣ።
(እሱም ያስፈልጋል፤ በዝምታ የቆመ ግድግዳ
ብርድ ያስገባል አሉ።)
ከሁሉም ቀድመው ግን ሱሪያቸውን ሰብስበው
ጭቃ የሚረግጡት አባ ሚልኪ ነበሩ።
ሰባተኛው ቀናቸው ለካ አልፎ ኖሯል፤
መቼ እንደሆነ እንጃ፣ የነገረኝ የለም።

አርባ ሦስት ሰው ቆጠርኩ። ልማድ ነው፣ አካፈልኩ።
በኔ ስሌት ቢሆን
ከአንድ ሰዓት ቢያልፍ ጥቂት ደቂቃ ነው።
ግን ሁለት ጎረምሶች በጭዱ ልክ ተጣሉ፣
እስኪታረቁ ድረስ እግር ሁሉ ቆመ።
ቀትር ላይ ደግሞ ከጊንጆ በኩል መርዶ መጣ፣
አካፋው እንደተተከለ ቀብር ሄደን መጣን።
ግድግዳው ሲያልቅ ፀሐይ ጠልቃ ነበር።

የኔ ቀመር ውስጥ ቀብር የለበትም።
የኔ ቀመር ውስጥ እርቅ የለበትም።
«ሦስት ሰው» ሲል እንኳ ሦስት ጊዜ አንድ ሰው ነው፤
እርስ በርሳቸው ሰላም አይባባሉም።

ራውዳ እዚያ ነበረች፣ ጭቃው እስከ ጉልበቷ።
ስለ ፈተናዋ ትንፍሽ አላለችም።
«ቲቸር፣ እንዲህ አይደለም» አለችና ብቻ፣
እጄን ገለበጠች፣ አመታቱን አሳየች፣
ሄደች ወደ ሥራዋ።

ማርኩ ተልኳል፤ ሮስተሩ ተዘግቷል።
ዳይሬክተሩን ብለምን «በየትኛው መመሪያ?» አለኝ።
እውነቱን ነው፤ መመሪያውን እኔም አላውቀው።
ወረቀቷ መሳቢያዬ ውስጥ ነው።
ቀዩ ኤክስ እንደ ወደቀ የአጥር እንጨት ተጋድሞበታል።
ስንት ልስጣት? ከሁለት? ከስንት?

የዚያን ዕለት ማታ አያቷ ሲሰናበቱኝ፣
ጭቃውን ከክንዳቸው በጥፍር እያነሱ፣
«ዳዶ ብድር ነው» አሉኝ፤ «ሐሙስ አጥር አለን።»

«የማን?» ብዬ ጠየቅሁ።