መውረጃ

ጥር ላይ ዳሸን ልወጣ በቢሮ ሰው ፊት ማልኩ፤
ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው ጉልበቴን ያማከርኩ።
አርባ ሦስት ዓመቴ፤ መድን ድርጅት ነው እንጀራዬ፣
የሰው ስብራት ስመዘግብ ኖሬ ወንበር ሆኗል ገላዬ።

ቅዳሜ ከየካ አባዶ ሃያ ሁለት ወረድኩ፣
የስፖርት ዕቃ ከሚሸጥበት ሕንጻ ሥር ቆምኩ።
ሸሚዝ የጠበበው፣ ናሆም የሚባል ልጅ፣
መሮጫውን እንደ በሬ ደላላ ጎኑን መታ መታ አድርጎ በእጅ፦
«ይሄ ሽቅብ ያዘነብላል፤ ተራራ ያስንቃል።»
ወጣሁበት። ጎማው ከእግሬ ሥር ይሸሻል፣ ዞሮ ይመጣል።
ሩብ ሰዓት ሮጥኩ፣ ላብ ዓይኔን እስኪያቃጥለው፤
ፊት ለፊቴ ያለው የቀለም ማስታወቂያ ግን እዚያው ነው፤
አንድ ክንድ አልቀረበኝ፣ አንድ ክንድ አልራቀ።
ዋጋውን ስሰማ ላቤ ባንዴ ደረቀ።

ደግሞስ ቢገዛ የት ይቆማል?
ቤቴ ስቱዲዮ ነው፤ እሱ ሲገባ እኔ ልወጣ ነው።
መብራታችን ረቡዕ ሄዶ ዓርብ ብቅ የሚል እንግዳ ነው።
ከሥሬ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ጋሽ ተገኘ አሉ፤ የባንክ ጥበቃ፤
ሌሊት ቆመው አድረው ሰው ሲነሣ የሚተኙ፤
እኔ ጣራቸው ላይ እየጋለብኩ እንዴት እንቅልፍ ያግኙ?

«ሳይክሉስ?» አለኝ። ሳይክሉ ዝም ይላል፣ መብራት አይጠይቅም፤
ግን ተቀምጦ ተራራ መውጣት! ወንበር አልበቃኝም?
መቅዘፊያውን አሳየኝ። ምን፣ ጣናን ልሻገር ነው?
በመጨረሻ ደረጃ መርገጫውን ከጥግ ጎተተው፤
ሁለት ፔዳል፣ አንዱ ሲወርድ አንዱ የሚነሣ፣
የልብስ ስፌት መኪና የመሰለ፣ ጨርቁ ብቻ የተረሳ።
ይሄ ልቤን ገዛው። ቀብድ ልከፍል ቦርሳዬን ከፈትኩት፤
«ማክሰኞ ልምጣ» ብዬ መልሼ ዘጋሁት።

ማታ ደረጃው ላይ ጋሽ ተገኘን አገኘኋቸው፣
ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ዱላና ባትሪ በእጃቸው።
ነገርኳቸው። ሳቁ።
«ዳሸን? እኔ እኮ ጃናሞራ ነው የተወለድኩ።
ልጄ፣ መውጣትማ ትንፋሽ ነው፤ ሲደክምሽ ትቀመጫለሽ፤
ጉልበት የሚበላው መውረዱ ነው፤ ስትወርጂ ታውቂያለሽ።»

ማክሰኞ ናሆምን ጠየቅሁት፦ «የሚያወርድ አለህ?»
ማሽኖቹን አንድ በአንድ አየ፣ አዲስ የመጡበት ይመስል።
ራሱን አከከ።
«ሁሉም የሚያወጡ ናቸው» አለኝ።

በገንዘቡ ጫማ ገዛሁ፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ።
ሌላውን የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ይሥራ፤
ሰባ ሁለት ነው፤ አንዱ ከሌሎቹ ይረዝማል፣ ኮንትራክተሩ የሳተው።
ስድስት ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልቼ አዝላለሁ፤
ስወጣ ዝም ብዬ ነው፤ ስወርድ በአንድ ደረጃ ሦስት እቆጥራለሁ፣
ተረከዜ ሳይጮህ፣ እንደ አራስ ጠያቂ።
የኤዶም እናት በሯን ከፍታ «ውሃ መጣ እንዴ?» ትለኛለች፤
አልመጣም ብላትም አታምነኝ፤ ጄሪካኗን ይዛ ትከተለኛለች።

ዓርብ፣ እንግዳው መብራት ቀረ። ጋሽ ተገኘ ወደ ሥራ ሲወጡ ባትሪ አበሩልኝ፣
ከኋላዬ እየወረዱ እርምጃዬን አረሙልኝ፦
«ጉልበትሽን አታድርቂው። ጎንበስ። እንደሱ።»
ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ለኔ ይሁን ለግድግዳው፣
«እኔ ከዚያ አገር የወረድኩት አንዴ ነው» አሉ። «ሠላሳ ሁለት ዓመቱ።
እስካሁን እየወረድኩ ነው።»

ምን ይባላል? «ማንን ሰላም ልበልልዎት?» አልኳቸው።
አንድ ፎቅ ሙሉ ዝም አሉ፤ ዱላቸው ብቻ ሲንኳኳ።
ምድር ስንደርስ ባትሪውን አጠፉት።
«ማንንም አትጠይቂ» አሉ። «ጉልበትሽን ብቻ አደራ»፤
ታክሲ ሳያልቅባቸው ወደ አስፋልቱ ፈጠኑ።