ሙቀት መሸሻ ሲያጣ

የኮምቦልቻ መብራት ጭል ጭል ሲል በሌሊት፣
ጦይባ ጥይት ትተኩሳለች በስሌት።
የጥሩር ብረቱን በመረብ ሸንሽና፣
ለየቁራጩ የጽናቱን ልክ መዝና፣
ላንዲት ቅጽበት፣ ከዓይን ጥቅሻ ሺህ ጊዜ ላጠረች፣
ኮምፒውተሩ ሦስት ሰዓት አማጠ።
መጨረሻው፦ ብረቱ አልተበሳም።

በርበሬ ወንዝ፣ ከአጎቷ ከበያጁ ይማም ደጅ፣
ከብረት ለበስ የተገነጠለ ወፍራም ላሜራ አለ፤
በኪሎ ተገዝቶ ለአጥር በር የታጨ፣
መሐል ልቡ ላይ በክብ የተቀጨ።

«አውራ ጣትሽን አስገቢ። ከንፈሩ ሻካራ ነው?»
«ለስላሳ ነው።»
«አልተቀደደማ፤ ፈሷል! ብረትም ይደነግጣል፤
ሙቀቱ መሸሻ ሲያጣ፣ ባለበት ያቀልጠዋል።»

ተመለሰች።
የረሳችውን ሙቀት በቀመሩ ጨመረች፣
መውጫ ነስታ፣ ክር በምታህል መስመር አጠረች።
ትንሽ ክብ ብረት እንደ ቡሽ ተፈናጥራ ወጣች።
ቁጥሩ ከቀዳዳው ጋር ገጠመ።

ቀረ እንጂ አንድ ነገር፦
ከላሜራው ጀርባ ማን ተቀምጦ ነበር?
ለእሱ ፊደል የለውም ቀመሩ።

ቦርከና ላይ ጎህ ሲቀድ
አውራ ጣቷን በሳሙና አሸች፣ ደግማ አሸች፤
ዝገቱ ግን አልለቀቀም።