እንዳይጠገን

ጣና ይተነፍሳል ሌሊት በኛ ሰፈር፣
ቆርቆሮ ፈልጎ ይሾልካል በየበር።
ይህን ቀድሞ ያወቀ አባቴ ነበረ፣
በጨርቃ ጨርቁ ቤት ማሽን ሲጠግን የኖረ።

አንማው ይሉታል። ጎረቤት በሹክሹክታ
«ሽማግሌው ሕፃን» ሲለው ጧት ማታ፣
እሱ ከመስታወቱ ፊት ቆሞ በዝምታ
ብሩሽ ይመርጣል፤ የሠዓሊ ብሩሽ፣ ጫፉ የሳሳ፣
ለቆርቆሮ ባቡር፣ ለሸክላ ፈረስ፣ ለጎማ አንበሳ።

እኔን ከበሩ ላይ አቁሞ እንዲህ ይለኛል፦
«ውሃው ለብ ይበል። በረኪና ቀለም ይበላል።
ፀሐይ የነካው ነጭ ክረምት ሳይመጣ ቢጫ ይሆናል።
በአፍሽ እፍ አትበይ፣ ትንፋሽሽ ዝገት ይጠራል።
በነጠላ ጫፍ አትጥረጊ፣ ጥለቱ ይጭራል።
ከአንገቱ አታንሺው፤ ፍጡር ሁሉ በወገቡ ይያዛል።»

ከፋብሪካው ቁራጭ ትንንሽ ከረጢት ሰፍቶ፣
የፎገራ ሩዝ ይሞላበታል በደረቁ ቆልቶ፤
በየጥጉ ያኖረዋል፣ ጣናን እንዲጠጣ።
«ሩዙስ?» ስትል እናቴ፣
«ባቡሩ በላው» ይላል ሳይቆጣ።

ዘንድሮ ዓይኑን ሞራ ጋረደው፤ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ።
በጥር የሸክላው ፈረስ ከጣቱ አምልጦ እግሩ ተሰበረ።
ቃል ሳይወጣው ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ በመዳፌ አኖረ።

እና ዛሬ፣ የሐምሌ እሑድ፣ የዘንባባው ቅጠል ሲንጠባጠብ፣
እሱ በወንበሩ፣ እኔ በብሩሼ፣ ደብተሩን ጮክ ብዬ ሳነብ፦
«ቁጥር አርባ፤ ቀይ ቮልስ፤ አንድ ጎማ ጎደላት።
ቁጥር ስድሳ፤ ዘላይ ጦጣ፤ ከጎርጎራ፤ ቁልፍ የላት።
ቁጥር ሰማንያ፤ የደንገል ታንኳ፤ ውሃ እንዳይነካት።»
«ታንኳ!» ብዬ ሳቅኩ።
እሱ አልሳቀም፤ «ሆዷን ቀስ ብለሽ ጥረጊላት።»

ከዚያ የመጀመሪያው ገጽ፣ ሁሌ የምዘለው፣ ቀለሙ የደበዘዘ፤
ጮክ ያለው ድምፄ እዚያ ሲደርስ ቀዘቀዘ፦
«ቁጥር አንድ፤ የጎማ አንበሳ፤ ግራ ጆሮው ተነክሷል፤ አራት ጥርስ፤
የባንቺአየሁ፤ ገና ዓመት ሳይሞላት።
እንዳይጠገን። እንዳይታደስ።»

ባንቺአየሁ እኔ ነኝ።
አርባ ዓመት ሙሉ ያንን መስታወት በሩቁ ሳይ፣
«አትንኪ» የሚል ቃል ብቻ ነበር የቀረው ከጆሮዬ ላይ።

አንበሳውን ከወገቡ ይዤ አነሳሁት።
በጥርሴ ስርጉድ ውስጥ ጥቁር አቧራ ተኝቷል፤
ብሩሼን ቀሰርኩ። ተውኩት።

«ጆሮውን አጠብሽው?» አለኝ።
«አላጠብኩም።»
እጁን ዘረጋ። ሰጠሁት። የሚንቀጠቀጥ ጣቱ
ስርጉዱን አገኘ፤ በዝግታ ቆጠረ፣ እስከ አራቱ።

ውጭ ጣና በር ላይ ቆሟል፣ እርጥብ ካፖርቱን ለብሶ።
«ሩዙን ቀይሪው» አለ አባቴ፣
«ክረምት ነው።»