ሠላሳ ሰባተኛዋ

ከአዲስ አበባ በኢሜይል የላኩልኝ ወረቀት
ሃያ አራት ጥያቄ ነው፣ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ያለበት፤
«የሰማንያዎቹ ትውልድ» ይላል በቀይ ከላዩ፣
«ምን ይወዳል? ማንን ያምናል? ከእኛስ ጋር ምንድን ነው ጉዳዩ?»
ዒላማችን ነው ብለዋል። እኔም ከዒላማው ውስጥ አለሁ፤
በሰማንያ አራት ተወልጄ፣ ለአንድ መጠይቅ አርባ ብር እቀበላለሁ።

ጠዋት ከጊዮርጊስ ጀርባ፣ ከሰዓት በቀበሌ አሥራ አራት፣
ሠላሳ ስድስት ሰው ጠየቅሁ፤ ሁሉም ፈገግ፣ ሁሉም «አራት»።
አራት ይባላል እኛ ዘንድ፣ ሰው ላለማስቀየም ሲባል፤
አምስት ውሸት ይመስላል፣ ሦስት ደግሞ ቅር ያሰኛል።
ባጃጅ ነጂው አንማው በመስታወቱ አየኝና፣
«ማስታወቂያውን እወደዋለሁ» አለ፤ «ሳሙናውን አላውቀውም ገና።»
የፔዳዋ ረዳት መምህርት ስለ ላስቲኩ ጠየቀችኝ፣
«ሐይቁ ዳር የሚንሳፈፈው የማን ነው?» ብላ አፈጠጠችብኝ፤
ለእሱ ሳጥን የለኝምና «ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።

ሠላሳ ሰባተኛዋን ከዓሣ ማውረጃው አገኘኋት፣ ጀምበር ዘቅዘቅ ስትል፤
ውባለም ትባላለች። ቢላዋዋ ከቆሮሶው አከርካሪ ጋር የሚያወራ ይመስል፣
አንገቷን ሳታነሣ፣ «ጠይቂ» አለች፤ «እጄ እንጂ ጆሮዬ ሥራ ፈት ነው።»
ጀመርሁ፦ «ይህ ሳሙና ለእርስዎ ትርጉሙ ምንድን ነው?»
«ትርጉም?» ሳቀች። በክንዷ ከጉንጯ ላይ ቅርፊት ጠረገች።
«ልጄ ማታ ስታቅፈኝ አፍንጫዋን ትይዛለች።
ያን ጠረን ያጠፋልኛል ወይ? ያጠፋል። ስለዚህ ገዛሁት፣
ከጋሽ ሙሉሰው ሱቅ፣ በዱቤ። ሌላውን ለእናንተ ተውሁት።»

ስድስተኛው ጥያቄ፦ «ድርጅታችን ምን ያህል ከጎንዎ ይቆማል?»
ቢላዋው ዝም አለ። ከውኃው በኩል የሻላ ክንፍ ይሰማል።
«መንገዱ የተዘጋ ጊዜ፣ ኔትወርክ የጠፋ ጊዜ፣
የእናንተ መኪና አልመጣም። አልፈርድም፤ ማን ይመጣል በዚያ ጊዜ?
ሙሉሰው ግን የቀረችውን አንዷን ካርቶን አወረደና፣
በክር ለአራት ለአራት ቆረጠው አንዱን ሳሙና፤
ዋጋ አልጨመረም። ስማችን በደብተሩ ላይ ሰፈረ።
ኔትወርኩ የመጣ ዕለት፣ ከሰው ሁሉ ቀድሞ የገባው መልእክት የእናንተ ነበረ፦
‹ሁሌም ከጎንሽ ነን› ይላል፣ የልብ ሥዕል ጨምሮ።
ዞር ብዬ ጎኔን ባየው፣ ያው ቅርጫቴ፣ ያው በርሜሌ፣ እንደ ድሮ።»

«ተቀየምሽ እንዴ?» አልኋት። «ኧረ! ሰው በሳሙና ይቀየማል?
ብቻ ያልነበረ ሰው ‹ነበርሁ› ሲል፣ አረፋው ዓይን ያቃጥላል።»

ነጥብ ስጪ ብላት እምቢ አለች።
የወረቀቱን ጠርዝ ሞልቼ፣ ቃሏን ላክሁት ለአለቃዬ።
በማግስቱ፦ «ሠላሳ ሰባትን አውጪያት፤ ግራፉን ታዛባብናለች፣ እናትዬ።»
አወጣኋት። አርባ ብር ቀረብኝ። ግራፉ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣
በዘንባባው ጎዳና ላይም አዲስ ሸራ ተሰቅሏል፦
አንዲት ልጅ ሐይቅ ጀርባዋ አድርጋ፣ ስልኳን እያየች ትስቃለች፤
ደንገል የሌለበት ሐይቅ ነው፤ እንጃ የት ሄዳ እንደተነሣች።

የሐምሌ ነፋስ አንድ ሌሊት ከነገመዱ ነጠቃት።

ከሳምንት በኋላ ዓሣ ልገዛ ወረድሁ፣ ያለ መጠይቅ፣ ያለ እስክሪብቶ፤
የውባለም ቆሮሶ ከዝናብ ተጠልሏል፣ ደረቅ ጣውላ ላይ ተኝቶ።
ቀና ብል ያቺው ልጅ ናት፣ ፊቷን ወደ ታች ደፍታ፣
በአራት የባሕር ዛፍ እንጨት ላይ፣ ጥርሷን እንደገለጠች ተዘርግታ።
ጽሑፉ እኩሌታው ተቀዷል፣ «ሁሌም ከጎን» ብሎ ቆሟል፤
ዝናቡ ግን ጠብ አይልም። የሸራው ጥራት መቼም ተመስክሯል።
«አየሽ?» አለች ውባለም፣ ሁለት ዓሣ እየጠቀለለችልኝ፣
«አሁን አምስት እሰጣለሁ። ያንን ወረቀት አምጪልኝ።»

ወረቀቱ የለኝም። አርባ ብር ስለጎደለኝ፣
አንዱን ዓሣ በዱቤ ወሰድሁ።
ደብተር አወጣች። ስሜን ጠየቀችኝ።