የኋላው ግድግዳ

አባቴ ሃልቮር ጡብ ሠሪ ነበር፣
ዛፍ በማይታይበት በኔብራስካ አገር።
ጎረቤቱ ሁሉ ከነሥሩ ሣር ነቅሎ
እንደ ፍልፈል ሲኖር፣ አፈር ባፈር ጥሎ፣
እሱ ከወንዙ ዳር ጭቃ ቆርሶ ቀመሰ፤
«ይሄማ ዳቦ ነው» ብሎ እጁን አበሰ።

ዕውሩ ፈረሳችን ማቡኪያውን ሲያሽከረክር፣
እናቴ ሲግሪ ጭቃ በሣጥን ስትሰፍር፣
እኔ ቆጣሪ ነኝ፣ የስምንት ዓመት ልጅ፤
በከሰል እጽፋለሁ በምድጃው ደጅ።
ሺሁ በስምንት ዶላር፣ ላጣ ሰው በዱቤ
እስከ በቆሎ አጨዳ። ዛሬም አለ በልቤ
ስማቸው ከነዕዳው።

ታናሼ ኒልስ፣ ገና መሄድ የጀመረ፣
ካልደረቀው ጡብ ላይ አንድ ቀን ተሻገረ፤
አምስት ጣት፣ ተረከዝ፣ ታትሞ ቀረ።
አባቴ ሊቆጣ አፉን ከፈተና
ሳቅ ቀደመው፤ «ትተኮስ፣ ያቺም ጡብ ናትና!»

መስከረም ሲገባ ጉሮሮው አበጠ።
ሐኪም ሠላሳ ማይል ርቆ ተቀመጠ።
በሦስተኛው ሌሊት ትንፋሹ ተቋረጠ።
ምድጃው ግን ነዷል፤ እሳት ሐዘን አያውቅም፣
አምስት ቀን ካልማገዱት ጡቡ አይበስልም።
አባቴ ቀን ሣንቃ ላገ፣ ምስማር መታ፤
ቆረቆንዳ ማገደ ያንኑ ዕለት ማታ።

ባንክ ሊሠራ ተነሣ ፔቲቦን ባለገንዘብ፤
ሠረገላ ላከ። ማን ልብ ይበል? ማን ያስብ?
እኔ ነበርኩ ቆጣሪ። አሥራ ሁለት ሺህ ቆጠርኩ።
አንዲቷን ሳላያት በእጄ አሳለፍኩ።

በክረምት አየናት፣ ከባንኩ ኋላ ግድግዳ፣
ከፈረስ ማሰሪያው ጎን፣ አምስት ጣት እንግዳ።
አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ገባ፣
በጭቃ ጫማው ምንጣፉ ላይ እንደቆመ
«ያቺን ጡብ መልሰህ ሽጥልኝ» አለ።
«ግድግዳ ባንድ ጡብ ይፈርሳል» ተባለ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ፣ ለጨው ለጋዝ ስንሄድ፣
እናቴ ትዘገያለች በባንኩ ጓሮ መንገድ።
ጓንቷን ታወልቃለች።
በረዶም ቢሆን፣ አንዲት ቃል ሳትናገር
መዳፏን ታኖራለች።

ትምህርት ቤቱም የሱ ጡብ ነው፣ ጣቢያውም፣ ወፍጮ ቤቱም፤
«ከተማውን የሠራ» ይላሉ፣ ስሙን ሲያነሡም።
እኔ ያን ደብተር ይዤ ዛሬም እቆጥራለሁ፤
አሥራ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ፣
እዚያ ላይ አቆማለሁ።